ሃምሳው ሌንስ የት ሄደ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ወንዝ ማዶ ለምትኖረው የልጅ ልጄ ለቤዛዊት፣

ሰላምታዬ ከፖቶማክ ወዲህ ተነሥቶ፣ የቤልትዌዩን የመኪና ሰልፍ ታግሦ፣ ድልድዩን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ አንቺ ባትጠይቂኝ ኖሮ ጉልበት እንዳለኝም ረስቼ ነበር።

አይሆንም፣ በስልክ አናደርገውም። ውላችን ውል ነው፤ አንድ ደብዳቤ በአማርኛ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ በፖስታ ቤት በኩል። በልዋጩ አንድ ሌንስ። ለገና ካሜራዬን ስሰጥሽ ሌንሶቹን አብሬ ያልሰጠሁሽ ንፉግ ሆኜ አይደለም። አንድ ላይ ብሰጥሽ ኖሮ «ታንክ ዩ አባባ» ብለሽ እስከሚመጣው ገና ትጠፊ ነበር። አሁን ግን ይኸው፣ አንቺ ሃያ ስምንቱንና ሠላሳ አምስቱን ወስደሻል፣ እኔም ሁለት ደብዳቤ በልቻለሁ። የከሰረ የለም።

የላክሁልሽን የፋብሪካውን የሌንስ ዝርዝር እያየሽ «ከሠላሳ አምስት ቀጥሎ ሃምሳ ነው፣ ሃምሳው የት አለ?» ማለትሽን ወድጄዋለሁ። እንደ እናትሽ ቆጣሪ ሆነሻል። እውነት ነው፣ በዝርዝሩ ላይ ሌንሶቹ ሁሉ እንደ ሰርግ ፎቶ ከአጭር እስከ ረጅም ተሰልፈዋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ያሳያል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል፣ ሃምሳው መሐል ላይ ቆሞ ሰው በዓይኑ እንደሚያየው ያያል። ካሜራ የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። እኔ ግን ዛሬ ሰማንያ አምስቱን ነው የምልክልሽ። ሃምሳው ጉንፋን ይዞታል።

አሁን ወዳስቀየመኝ ጥያቄ ልምጣ። የሰሊናን የክርስትና ፎቶ ማን ያነሣል ትዪኛለሽ? የወንድምሽ የቢንያም ልጅ የእኔ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። የካቲት 21 ተወለደች፣ ሰማንያ ቀኗ እሑድ ግንቦት 10 ይሞላል። እናትሽ ስትጠመቅ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ስትጠመቂ፣ ቄሱን በእግርሽ ስትመቺ፣ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሰሊናንም አነሣለሁ። ለእሷ ሁለተኛው ካሜራዬ እዚሁ እኔ ጋ አለ። ይህን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳልሰማው።

ትንፋሽሽን ይዘሽ አንሺ። የሌንሱን ቀለበት በቀስታ አዙሪ።

አያትሽ ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ሰማንያ አምስቱ በሰላም ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክሪስታል ሲቲ በዚህ ወር ኮንፈረንስ በኮንፈረንስ ነው፤ ሆቴላችን ሞልቶ የፊት ዴስኩ ላይ ቆሜ ነው የምውለው። ይህን ደብዳቤ እናቴ አላረመችልኝም፣ ስለዚህ ስህተቱ ሁሉ የራሴ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ሕፃኗን ልናይ ቢንያም ቤት የሄድን ቀን እርስዎ ያነሡትን ፊልም አሳጥቤዋለሁ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው። በሁሉም ላይ የሰው ጆሮ ጥርት ብሎ ይታያል። የእናቴ የጆሮ ጌጥ ላይ ያለው ፈርጥ ይቆጠራል። ዓይኖቹ ግን ጭጋግ ናቸው። የእናቴም፣ የቢንያምም፣ የሰሊናም።

ደግሞ ለምንድን ነው በማርከር የሚጽፉልኝ? አንድ ገጽ ላይ ስድስት መስመር ብቻ ነው ያለው። ፖስታው ከመወፈሩ የተነሣ የሕንፃችን ፖስታ ተቀባይ ሜሪ «የፍርድ ቤት ወረቀት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥቅምት ላይ ለዓይን ምርመራ ሄደው ነበር አይደል? ምን አሉዎት? እናቴን ብጠይቃት «ደህና ነው ብሎኛል» አለችኝ። ያለችው ይኸን ብቻ ነው።

ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ የቆመ አንድ ጎባጣ ሌንስ አለ። እሱስ ምንድን ነው?

የሚወድዎት
ቤዛዊት

(«የምትወድዎት» ማለት ነበረብኝ። ማጥፊያ ስለሌለኝ ተውኩት።)


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሚወደኝ ለቤዛዊት፣

ደብዳቤሽን ወድጄዋለሁ፣ የፎቶ አስተያየትሽን ግን አልወደድኩትም። ዓይን ማንም ያነሣል። ጆሮ የሚያነሣ ስንት አለ? የእናትሽ የጆሮ ጌጥ ደግሞ ያን ዕለት ከዓይኗ ይልቅ ደስ ይል ነበር፤ ዓይኗ እኔን ሲገላምጥ ነው የዋለው። ሰሊናማ ተነቃንቃ ነው። የሁለት ሳምንት ልጅ ወዴት ትነቃነቃለች እንዳትዪኝ፤ አንቺ በዚያ ዕድሜሽ ዘልለሽ ልትወጪ ነበር።

ማርከሩን የያዝኩት እስክሪብቶዬ ጠፍቶ ነው። ሃምሳው ከጉንፋኑ ድኗል፣ አሁን ዕረፍት ላይ ነው። ሐኪሙ ያለውን ለእናትሽ ነግሬያታለሁ።

ይልቅ ስለ ጎባጣው ላጫውትሽ፤ እሱ ታሪክ አለው።

ያኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው አንቺ ያለሽበት ክሪስታል ሲቲ ምድር ቤት የሰው መኪና አቆማለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግና ክርስትና አነሣለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ካሜራ ከያዙት ሐበሾች መካከል «የንጉሡ እጅ» የሚባልለት አንድ እኔ ነበርኩ። ሙሽራዋ ስትራመድ እኔም ቀለበቱን አብሬ እያዞርኩ፣ ዓይኗን ከእጄ ሳላስመልጥ እሄዳለሁ። በፈረንጆቹ 1987 ፋብሪካው ኦቶፎከስ፣ ራሱ አጥርቶ የሚያይ፣ አመጣሁ ብሎ ሌንስ የሚገጠምበትን የካሜራውን አፍ ቀየረው። የድሮዎቹ ሌንሶች ከአዲሱ ካሜራ ጋር አልገጥም አሉ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ በአንድ የሰበሰብኳቸው፣ አሁን አንቺ ጋ ያሉት፣ በአንድ ቀን የእንጀራ ልጆች ሆነው አደሩ። ፋብሪካው ልክ ነበር ይላሉ። ይበሉ። እኔ አልቀየርኩም።

ዮኒ የሚባል ጎረምሳ ቀየረ። አዲሱን ካሜራ አንግቶ አሌክሳንድሪያ አንድ ሰርግ ላይ መጣብኝ። «ጋሼ ንጉሡ፣ እርስዎ እስኪያዞሩ እኔ አሥር አነሣለሁ» አለኝ። «አንሣ የኔ ጌታ» አልኩት። አዳራሹ ጨለም ያለ ነበር፤ ካሜራው ዝዝዝ እያለ ወዲያ ወዲህ ሲፈልግ ቆይቶ ሙሽራዋን ትቶ ከኋላዋ ያለውን ኬክ ጥርት አድርጎ አነሣላት። እስከ ዛሬ ድረስ ይህችን ቀን ሳስታውስ እንቅልፌ ይጣፍጣል። (ዮኒ በኋላ ትልቅ ስቱዲዮ ከፈተ፤ እሱን አልጠየቅሽኝም።)

ጎባጣው ከ1987ቱ ስድስት ዓመት ቀድሞ የመጣ ነው። ፋብሪካው አፉን ሳይቀይር በፊት ልሞክር ብሎ የሠራው፤ የድሮው ካሜራ ላይ ይገጥማል፣ ባትሪውንም ሞተሩንም ሆዱ ውስጥ ታቅፎ ነው የሚዞር። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኚ ራሱ እየተሽከረከረ ፎከስ ያደርጋል። እንደሱ ያለ አስቀያሚ ነገር አላየሁም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አያትሽ ትብለጥ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገዝታው መጥታ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። «ይኸው፣ ይሄ ራሱ ነው አሉ የሚያየው» አለችኝ። እኔም ከፈት አድርጌ አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁትና «ዓይኔ ገና አልጠፋም» አልኳት።

ሳጥኑን አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

የዛሬው መቶ ሠላሳ አምስት ነው። ይከብዳል፣ ክንድሽን ግድግዳ ላይ አስደግፊ።

አያትሽ ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ትናንት ሳንደውል መጥተን ስላስቸገርንዎት ይቅርታ። እናቴ የሆሳዕናውን ዘንባባ ካላደረስኩ ብላ ነው። ጣትዎ ላይ ያሰርኩልዎት ቀለበት ዛሬም እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ።

እናቴ ባለችበት ያልተናገርኩትን ልጻፈው። እርስዎ በር ሊከፍቱልን ሲነሡ ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ትተውት ነበር። ሃምሳው ሌንስ በአፉ ተደፍቶ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጎንበስ ብዬ በእሱ አየሁ። ፊደሎቼ ባቄላ አክለው ይታያሉ።

ጉንፋኑ ገባኝ።

አባባ፣ ቢንያም ለክርስትናው ፎቶ አንሺ ልቅጠር ወይ ብሎኛል። ያንን የጆሮ ፊልም እሱም አይቶታል። እርስዎን ማስቀየም አልፈለገም፣ ለዚያ ነው በእኔ በኩል የጠየቀው። እስከ ፋሲካ ማግስት ታገሠኝ ብዬዋለሁ። ሐኪሙ ምን እንዳሉ ይንገሩኝ። ለእናቴ የነገሯትን ሳይሆን እሳቸው ያሉትን።

ቤዛዊት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመርማሪዋ፣

ዘንባባው ጣቴ ላይ ደርቋል፣ አላወለቅሁትም።

ሐኪሙ ያሉት ይህን ነው። ሁለቱም ዓይኔ ላይ ሞራ አለ፤ የቀኙ ብሷል። ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፣ ያው ዕለት ቤትዎ ይገባሉ አሉኝ። ኅዳር ላይ ቀጠሮ ሰጡኝ፣ ብርድ ነው ብዬ ቀረሁ። ጥር ላይ ሰጡኝ፣ በረዶ ነው ብዬ ቀረሁ። በረዶ አልነበረም። እታች የሚኖረው ይስሐቅ ሁለቱንም አስደርጎ አሁን ከመስኮቱ የሰው ታርጋ እያነበበ ያስቸግረናል። እሱን እያየሁም አልሄድኩም።

ለምን ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁና ቀድሜ ልመልስ። ሃምሳ ዓመት ፎከስ ያደረግሁት በቀኝ ዓይኔ ነው። ግራው ያን ሁሉ ዘመን ተጨፍኖ ነው የኖረው፤ ሥራ አያውቅም። ቀኙን ነክተው ቢያበላሹብኝ የምተካው በማን ነው? እንዳለ ቢሆን ቢያንስ ጆሮ ያነሣል።

ሰሊናን እኔ አነሣታለሁ ስልሽ አልዋሸሁም። ፋሲካ እስኪደርስ ይገፈፍልኛል ብዬ ነበር፣ እንደ ጭጋግ። አልተገፈፈም። እንግዲህ ለቢንያም ሰው ይቅጠር በዪው። የዮኒን ስቱዲዮ ብቻ እንዳይሆን።

ጎባጣውን ከነሣጥኑ ልኬልሻለሁ። ዓይን የለኝም ብዬ በተቀመጥኩ ቁጥር ከቁም ሣጥኑ ውስጥ «ነግሬህ አልነበር?» የሚለኝ ይመስለኛል። ካሻሽ ጣዪው። ሃምሳውን ግን አትጠይቂኝ፣ ደብዳቤሽን በምን ላነብ ነው።

መልካም በዓል። እዚያ ዶሮ ሳትቀምሱ እኔን አታስቡኝ።

አያትሽ ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንኳን አደረስዎት። ለቢንያም ምንም አልነገርኩትም። ምክንያቱን ከዚህ በታች ያገኙታል፤ ሃምሳውን ያዘጋጁ።

ጎባጣውን አልጣልኩትም። ባትሪ አድርጌበት ካሜራው ላይ ገጠምኩት። ቁልፉን ስጫን ዝዝዝ አለ፣ እንደነገሩኝ። ወዲያ ወዲህ ብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ቆመ። አርባ ዓመት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ኖሮ ይሠራል፣ አባባ።

ከሣጥኑ ሥር፣ ከነጩ ስፖንጅ በታች፣ አንድ ካርድ አገኘሁ። የገዛ ሰው ሞልቶ ለፋብሪካው የሚልከው ነው። ተሞልቷል፣ ግን አልተላከም። በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። የባለቤቱ ስም በሚለው ላይ የተጻፈው የእርስዎ ስም አይደለም፤ ትብለጥ ይላል። ከዚያ በታች «በዚህ ሌንስ በብዛት ምን ያነሣሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። ተፈጥሮ፣ ስፖርት፣ ልጆች፣ ሌላ። አያቴ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ባለቤቴን» ብላ ጽፋለች።

ሌንሱን ለእርስዎ ዓይን አልነበረም የገዛችው። እሷ ቀለበት ማዞር አትችልም ነበር አይደል? እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ ካሜራ ስትይዝ እጇ ይርድ ነበር፣ አባዬም ይስቅባት ነበር» አለችኝ።

ትናንት ከእናቴ ቤት አልበሞቹን አምጥቼ አየሁ። አሥራ አንድ አልበም ነው። እርስዎ በአንዱም ላይ የሉም። አንድ ቦታ ሣሩ ላይ የተኛ ጥላዎ አለ። አንድ ቦታ መስተዋት ውስጥ አሉ፣ ፊትዎን ካሜራው ሸፍኖታል። አንድ ቦታ ደግሞ ጥግ ላይ ጣትዎ ገብቷል። አያቴ ይህን ሳታይ አልቀረችም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ሰሊናን እኔ አነሣታለሁ፣ በሰማንያ አምስቱ፣ በእጅ እያዞርኩ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ። ያን ቀን እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔም በአያቴ ሌንስ አነሣዎታለሁ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ሥራ ገና አልተሠራም። ሐኪም ቤት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። የማይሄዱ ከሆነም ፎቶውን አነሣለሁ፤ ግን ፎቶውን ማየት ይኖርብዎታል።

የምትወድዎት (አሁን ትክክል ነው)
ቤዛዊት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤዛዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። በሃምሳው ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ካርዱ ያለውን አራት ጊዜ።

ዓይኔ ገና አልጠፋም ነው ያልኳት። እሷ ግን ልታየኝ ነበር የፈለገችው።

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤት ደወልኩ። አንድ ሰው ቀርቶ ቦታ ተገኝቷል፤ የሚመጣው ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30 ነው። ቀኙ። የሚወስደኝ ይስሐቅ ነው፣ አንቺ ከሥራሽ አትቅሪ። እሱ በመንገድ ላይ ያለውን ታርጋ ሁሉ እያነበበልኝ እንደሚሄድ አውቄ ተዘጋጅቻለሁ። ለእናትሽ ሳይደረግ አትንገሪያት፤ ከተደረገ በኋላ እኔ እነግራታለሁ፣ እስከዚያ ትቆጣለች፣ ከዚያም ትቆጣለች፣ አንዱን ላትርፍ።

ክርስትናውን አንቺ አንሺ። ሕፃን በፀበል ስትነከር ሁለት ጊዜ ብቻ ዓይኗን ትከፍታለች፤ ከመነከሯ በፊትና ቄሱ ሲያነሧት። ሁለተኛውን ጠብቂ። ዓይኗ ላይ ፎከስ አድርጊ። ጆሮውን ለእኔ ተዪልኝ።

እኔ ከፀበሉ ርቄ እቀመጣለሁ፣ ውኃ እንዳይነካው ብለውኛል። ክራቫቴን የምታስሪልኝ አንቺ ነሽ።

አያትሽ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፎቶ አንሺዋ ለቤዛዊት፣

ሰላምታዬ እንደ ልማዱ ድልድዩን ተሻግሮ ይድረስሽ። እናትሽ አሁንም ተቆጥታኛለች፤ ግን ቁጣዋን ከነቅንድቧ ጥርት አድርጌ ስላየሁት ብዙ አልከፋኝም። ዓይኗ እንዲህ ቡናማ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። የሰሊና ግሩም ነው። ሁለተኛውን መጠበቅሽ ያስታውቃል፤ ቅንድቧ ላይ ያለችው የውኃ ጠብታ ውስጥ መስኮቱ ይታያል። እኔ በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ያለ አላነሣሁም። ይህን ለሌላ ሰው እንዳትነግሪብኝ።

የእኔን ስትጠይቂ ደግሞ ሐቁን ልንገርሽ። የአያትሽ ሌንስ ዝዝዝ ብሎ ፈልጎ ፈልጎ፣ ፊቴን ትቶ ጆሮዬን ነው የመረጠው። ፀጉሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ዓይኔ ጭጋግ ነው። ዮኒ ይህን ቢያይ አርባ ዓመት የሳቅሁበትን በአንድ ቀን ያስከፍለኝ ነበር። ተበላሸ ብለሽ ይቅርታ ጠይቀሻል፤ ዳግመኛም ላንሣዎት ብለሻል። አይሆንም። ጆሮው ይገባዋል። ትብለጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትናገር የኖረችው ለእሱ ነው፣ ሳይሰማት የኖረውም እሱ ነው። ፎቶውን አብረሽ ከላክሽልኝ ካርድ አጠገብ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ አልበም ስትጀምሪ ከፊት አድርጊው።

ግራውን ዓይኔን ለሰኔ ቀጥረውታል። ሥራ ሊጀምር ነው፣ በዚህ ዕድሜው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁትን ሣጥን ስትከፍቺ ምን እንደሆነ ታያለሽ። ከዝርዝሩ የቀረሽ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ደብዳቤ ያለ እሱ ጻፍኩት፣ ያንቺንም ያለ እሱ አነበብኩት፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስህተት አለብሽ።

ውላችን ሌንስ ካለቀ ያልቃል ብለሽ እንዳትጠፊ። ማጣሪያዎቹ አሉኝ፣ ክዳኖቹም አሉኝ፤ አንድ ክዳን በአንድ ደብዳቤ።

አያትሽ ንጉሡ

(በእስክሪብቶ)